በርኖሱን የበላው አምፖል ላይ የሚዞረው አይደለም

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። የአባቴ በርኖስና የእናቴ ባና በእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ላናፍሳቸው ስከፍት በርኖሱ ተበሳስቷል። ባናውም ጠርዙ ላይ ተልጧል። አንድ ጋቢ ላይም ትንንሽ ቀዳዳ አግኝቻለሁ። ማታ ማታ አምፖል ዙሪያ ትንንሽ ቢጫ ቢራቢሮዎች ይዞራሉ። በየቀኑ ፍሊት እነፋለሁ፤ አይቀንሱም። እዚያው ክፍል ውስጥ ሁለት ኩንታል እህል አለን፣ ማሽላና በቆሎ። አልጋ ስር ደግሞ የአያቴ አጎዛ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጎረቤታችን የነቀዝ ክኒን ሳጥኑ ውስጥ ጣይበት አለችኝ። የ8 ወር ልጅ ስላለኝ ፈራሁ። ምንድን ነው የበላብኝ? ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አብሽሪ፤ መላ ያለው ነገር ነው። ግን ከሁሉ በፊት የክኒኑን ጉዳይ እንዝጋው። እንዳታስገቢው። ሳጥኑ ውስጥም፣ አልጋ ስርም፣ እዚያ ክፍል ባለው እህል ላይም።

የነቀዝ ክኒን የምንለው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ሳይሆን ይሄ ጋዝ ነው። ጋዙ ነቀዝና ሕፃን አይለይም። ማርከሻ የለውም። በሳጥን ክዳን፣ በኮርኒስ፣ በግድግዳ ስንጥቅ ሾልኮ የጎን ክፍል ይገባል። ነጭ ሽንኩርት ወይም የከረመ ዓሣ የመሰለ ሽታ አለው። ግን «ካልሸተተኝ የለም» ማለት አይቻልም፤ ሳይሸትም ይጎዳል። መድኃኒቱ የተሠራው ሰው ለማይተኛበት፣ በሠለጠነ ሰው ታሽጎ ለሚታጠን መጋዘን ነው። ጎረቤትሽ ክፉ አስባ አይደለም። በየገበያው በቀላሉ ስለሚገኝ ሰው ሁሉ ቀላል ነገር ይመስለዋል።

ይሄን ከማንበብሽ በፊት ጥለሽው ከሆነ ደግሞ ልጁን ይዘሽ ውጪ። የቤቱ ሰው ሁሉ ይውጣ። ስትወጪ በሩን ክፍት ተዪው። ውሃ እንዳታፈሺበት፤ ውሃ ጋዙን ያፈጥነዋል። በባዶ እጅ አትንኪው። የግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ይጠራና እሱ ያንሳው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የደረት መጨናነቅ የተሰማው ሰው ካለ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ቢራቢሮዎቹ።

አምፖል ዙሪያ የሚዞሩት የልብስ ብል አይደሉም ብዬ ብወራረድ አልከስርም። የልብስ ብል ብርሃን ይጠላል። ሳጥን ሲከፈትበት ወደ መስኮት አይበርም፤ እየሮጠ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ይገባል። በተለይ እንቁላል የያዘችው ሴቷ ከመብረር ይልቅ መሮጥ ይቀናታል። ማታ አምፖል ከቦ የሚጨፍር ነገር አለ ከተባልኩ የምጠረጥረው ሌላ ነው፦ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማሽላና በቆሎ።

እህል ውስጥ የሚያድግ ትንሽ የእሳት ራት አለ። ገለባ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ ነው። በመጠንም በቀለምም ከልብስ ብል ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ቀረብ ብለሽ ካየሽው ግን ይለያል። የልብስ ብል አናቱ ላይ ወደ ቀይ የሚያደላ የተንጨባረረ ጠጉር አለው። የእህሉ አናቱ ልሙጥ ነው፤ ከአፉ በኩል ወደ ላይ የታጠፉ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች አሉት። የኋላ ክንፉ ጫፍም ሹል ሆኖ ዙሪያውን ዘርፍ አለው።

ይሄን ሁሉ ለማየት ዓይን ካልረዳሽ እህሉን ጠይቂው። አንድ እፍኝ በቆሎ ውሰጂና መስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግፊ። ፍሬው ላይ ጠርዙ የጠራ ክብ ቀዳዳ አለ? አንዳንዱ ፍሬ ላይስ ቀዳዳው በስስ ቆዳ ተከድኖ ይታያል? እጩ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣው ትል፣ ሙሉ ዕድሜውን የሚጨርሰው በአንዲት ፍሬ ውስጥ ነው። ከመውጣቱ በፊት በሩን ከውስጥ ይቆርጥና ስስ ሽፋን ብቻ ይተዋል። ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ያን ሽፋን ገፍቶ ነው። እንዲህ ያለ ፍሬ ካገኘሽ የአምፖሉ ጭፈራ ምንጩ ታወቀ። ፍሊት በየቀኑ እየነፋሽ ያልቀነሱትም ለዚህ ነው። ዛሬ የገደልሽው አልቋል፤ ነገ ከጆንያው ሌላ ይፈለፈላል።

ስለዚህ ቤትሽ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ተባዮች ያሉ ይመስለኛል። አንዱ ይታያል፣ ልብስ አይነካም። ሌላው ልብስ ይበላል፣ አይታይም። አንቺ ስትዋጊ የከረምሽው ከሚታየው ጋር ነው።

የማይታየውን እንፈልገው። አንድ ፀሐያማ ጠዋት በርኖሱን አውጥተሽ ነጭ አንሶላ ላይ ዘርጊው። ሜዳውን ሳይሆን መጀመሪያ ኮሌታውን ገልብጪ። ከዚያ ስፌቱን፣ እጥፋቱን፣ ገበር ካለውም ከገበሩ ስር ተመልከቺ። ብል ጨለማና ሰው የማይነካው ቦታ ይወዳል። የምትፈልጊው ወርቅማ የምታብለጨልጭ፣ ክንፏን አጥፋ ስታርፍ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የምትሆን የእሳት ራት ናት። ግን እሷን ባታገኚም አይግረምሽ። ክንፍ ያለው ብል ልብስ አይበላም። አፉ ለመብላት አልተሠራም። ከተፈለፈለ በኋላ ሥራው መጋባትና እንቁላል መጣል ነው፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይሞታል።

ቀዳዳውን የሚሠራው እጩ ነው። ነጣ ያለ፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ትል ሲሆን ሲያድግ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሲበላ ድር የመሰለ ሐር እየፈተለ ከላዩ ዋሻ ይሠራል። ጨርቁ ላይ ተጣብቆ የተልፈሰፈሰ ነጭ ድር ካየሽ፣ በመርፌ ገለጥ አድርጊው። አንዳንዴ ትሉ እዚያው ተኝቶ ይገኛል። ከድሩ ጋር የአሸዋ ቅንጣት የመሰሉ ድቡልቡል ነገሮች ይኖራሉ። ብዙ ሰው እንቁላል ይመስለውና ይደነግጣል። እንቁላል አይደለም፤ ኩስ ነው። የበላውን ጨርቅ ቀለም ይይዛል። ከጥቁር በርኖስ የወጣ ጥቁር፣ ከቀይ ብርድ ልብስ የወጣ ቀይ ነው። እንቁላሉማ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ነጭ ነጥብ ስለሆነ ሱፍ ውስጥ በዓይን ማግኘቱ ዘበት ነው።

ሌላ ዓይነት ብልም አለ። የዚህኛው እጭ ከበላው ጨርቅ ክር ጎጆ ሠርቶ ተሸክሞት ይዞራል። ጎጆው ሁለቱም ጫፉ ክፍት ነው። እጩ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ በኩል ራሱን ያወጣል። ክንፍ ሊያወጣ ሲደርስ ልብሱን ትቶ ግድግዳና ኮርኒስ ላይ ይወጣል። ግድግዳሽ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ፣ ስትነኪው የሚንቀሳቀስ ነገር ካየሽ እሱ ነው። ሕክምናቸው አንድ ስለሆነ መለየት ካቃተሽ አትጨነቂ።

ድር ከሌለ ግን ቆም በይ። ልብሱ ተበሳስቶ ድር የሌለበት፣ በምትኩ ጠጉራም ቡናማ ባዶ ቅርፊት የሞላበት ከሆነ ጥፋተኛው ብል ሳይሆን ጥንዚዛ ነው። እጩ ጠጉራም ነው፤ እያደገ ሲሄድ ቆዳውን እየቀየረ አሮጌውን ይጥላል። አድጎ ክንፍ ያወጣው ጥንዚዛ ድቡልቡል ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አበባ ስለሚፈልግ መስኮት መስታወት ላይ ሞቶ ይገኛል። የእጩ ጠጉር የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካልና ስትጠርጊ አፍንጫሽን ሸፈን አድርጊ። እሱም ቢሆን በብርድና በሙቀት ይሞታል። ያገኘሽውን ነገር በፕላስተር ያዢውና ወረቀት ላይ ለጥፊው፤ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ታሳይዋለሽ። በጣት ጨፍልቀሽ «ምን ነበር?» ብለሽ ብትጠይቂ ማንም አይመልስልሽም።

አሁን ጋቢው። ብል የሚኖረው ኬራቲን በሚባል ነገር ነው። ኬራቲን ሱፍ፣ ጠጉርና ላባ ውስጥ አለ። ሐርም ይነካል። ጥጥ ግን አይፈጭለትም። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ አንሶላና ፎጣ፣ ነጠላና ጋቢ፣ ለእሱ ምግብ አይደሉም። ቅቤ፣ ወጥ ወይም ላብ የጠጣ ጥጥ ከሆነ እድፉን ብሎ ሲግጥ ክሩን ሊቆርጠው ይችላል። ከዚያ ውጭ የጋቢ ቀዳዳ ሌላ ታሪክ አለው። ጠርዙን በጣትሽ ዳስሺው። ጠንከር ብሎ ቡናማ ከሆነ የከሰል ፍንጣሪ ነው። ቡና ጋቢ ለብሶ በሚፈላበት አገር ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ተቦጫጭቆ ከተብተለተለ ደግሞ አይጥ ነው። ፊቱ ተፍቆ የሳሳ ቦታ ካለው በግድግዳ ስንጥቅ የሚኖሩትን፣ ክንፍ የሌላቸው፣ ብርማ ዓሣ መሳይ ነፍሳት ጠርጥሪ። እነሱ አሚዶ ይወዳሉ።

የትኛው ልብስሽ ሱፍ እንደሆነ ካላወቅሽ አንዲት ክር ምዘዢ። ልጁ በሌለበት፣ ውጪ፣ ሰሃን ላይ በክብሪት ለኩሺው። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ዓመዱ በጣት ይደቃል። ጥጥ ወረቀት ይሸታል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ደርቆ ጠጠር ይሆናል። ይሄን ስታደርጊ ብዙ ነገር ከጭንቀት ዝርዝርሽ ይወጣል። ዛሬ የምንገዛው አብዛኛው ባለ አበባ ብርድ ልብስ ቀላጭ ነው። በፋብሪካ የተሠራው አብዛኛው ሰጋጃም እንደዚያው። የሚያሳስቡሽ በርኖስ፣ ባና፣ የሱፍ ካፖርትና ሙሉ ሱፍ፣ በእጅ የተሠራ የበግ ጠጉር ምንጣፍ፣ የድሮው የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ናቸው። እና አጎዛው።

አጎዛውን በጥያቄሽ መካከል እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው አለፍሽ። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የቆምኩት እሱ ላይ ነው። አስቢው፦ ጠጉሩ ሙሉ ነው፣ ቅባት አለው፣ ተጠቅልሏል፣ አልጋ ስር ጨለማ ውስጥ ነው፣ ማንም አይነካውም። ለብል ከዚህ የተሻለ ቤት ደሴ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ዛሬውኑ ውጪ አውጥተሽ ፍቺው። ጠጉሩን በእጅሽ ሳብ ሳብ አድርጊ። በእፍኝ በእፍኝ እየተነቀለ ከመጣ፣ ከስሩም ድርና ኩስ ካለ፣ ሳጥኑን የወረሩት ከዚያ የመጡ ሳይሆኑ አይቀርም። እንዲህ ከሆነ ጨክነሽ ጣይው ወይም አቃጥዪው። የአያት ነገር መጣል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እሱን አስቀምጦ በርኖሱን ማዳን አይቻልም። ቆዳው ጤነኛ ከሆነና ልታስቀምጪው ከወሰንሽ ወደ ሙቀት አታቅርቢው፤ ደርቆ ይሰነጠቃል። ለእሱ የሚሆነው ብርድ ነው።

ሌላም ምንጭ አትርሺ። ኮርኒስ ላይ የወፍ ጎጆ ወይም የሞተ አይጥ ካለ ላባውና ጠጉሩ ብል ያራባል። ሰልባጅ ካፖርት ገዝታችሁ ሳታጥቡ ከባናው ጋር አስቀምጣችሁም ከሆነ፣ በዚያ መግባት ይችላል። ሰልባጅ አትግዙ ማለቴ አይደለም፤ እኔም እገዛለሁ። ግን መጀመሪያ ይታጠብ።

«ደሴ ብርድ ናት፣ ብል አይኖርም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ብርድ ብሉን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። አንዲት ሴት ብል ከ40 እስከ 50፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሙቀቱ ሲመቻቸው ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጉዞ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል። ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ነው የምታስቢው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርድ ሲሆንና ምግብ ሲያንስ እጩ ሥራውን ቀንሶ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በደሴ ቤት የብል ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣው፣ ሰውም ዘግይቶ የሚያየው ለዚህ ነው። ክረምቱ ደግሞ ያግዘዋል። ብል እርጥበት ይወዳል። ሐምሌና ነሐሴ ሳጥን አይከፈትም፣ ፀሐይ የለም፣ ልብስ እርጥበት ይዞ ይከርማል። መስከረም ላይ ስትከፍቺ ያየሽው የክረምቱ ብቻ ሳይሆን ምናልባት ያምናም ሥራ ነው።

እንግዲህ መግደሉ። ሦስት መንገድ አለሽ፤ ሁሉም ያለ መርዝ ነው።

እኔ የምመርጠው ዲፕ ፍሪዘር ነው። ልብሱን በላስቲክ ጠቅልለሽ፣ አየሩን አስወጥተሽ፣ አጥብቀሽ አሽጊና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚሠራ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዪው። ሲወጣ ላስቲኩን ቶሎ አትክፈቺ። አንድ ቀን ይቆይና የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘውና ሱፉ ይረጥባል። የቤት ፍሪጅ ላይ ያለችው ትንሿ የበረዶ ሳጥን ግን አትበቃም፤ ያን ያህል አትበርድም። ዘመድ ሱቅ ካለው፣ ዲፕ ፍሪዘሩም ቦታ ከተረፈው ለምኚው። አንድ ችግር አለ፤ መብራት። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ፍሪዘሩ ሲሞላ ቶሎ አይሟሟምና የቀረውን ቦታ ውሃ በሞሉ ጠርሙሶች ሙዪው።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። እናቶቻችን ባና ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት በከንቱ አልነበረም። ትሉ ብርሃንና ሙቀት ሲሰማው ይሸሻል፤ ሲመታና ሲቦረሽ እንቁላሉም ይራገፋል። ግን በደሴ ነፋስ ገመድ ላይ የተሰጣ ባና ውስጡ አይሞቅም። ለመግደል የሱፉ ውስጥ ከ50 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት፤ 55 ደርሶ አንድ ሰዓት ቢቆይ አስተማማኝ ነው። ስለዚህ ባናውን ሳትደራርቢ ትልቅ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ክተቺው። ከስሩ ካርቶን አንጥፊ። ከላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ ወጥሪበት፤ በሁለቱ መካከል ትንሽ አየር ይኑር። ንፋስ በማይመታው ጥግ፣ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዋል። መሃል ላይ አገላብጪው። ከቻልሽ ቴርሞሜትር እጥፋቱ ውስጥ አስገቢ፤ በግምት አትሂጂ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ጥሩ ጊዜ ነው። ደሴ ላይ አልሞቅ ካለ ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ጋ ላኪው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። ባና ዘመድ ጥየቃ ሄደ ብለው ይሳቁብሽ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ መመለሱ ከአዲስ ባና ዋጋ ይረክሳል።

ሦስተኛው ላውንደሪ ነው። ለካፖርትና ለሙሉ ሱፍ ደረቅ እጥበት እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል። ጠይቀሽ ግቢ፤ አንዳንዱ ላውንደሪ በውሃ አጥቦ በካውያ ተኩሶ ይመልሳል። ያ ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥም ሱፍን በፈላ ውሃ እንዳትነክሪ። ብሉ ይሞታል፤ በርኖሱም ተኮማትሮ የልጅ ይሆናል። መግደሉ በብርድ ወይም በፀሐይ ይለቅና እጥበቱ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይሁን። እንፋሎት ያለው ካውያ ለስፌትና ለኮሌታ ጥሩ ረዳት ነው፤ ቀስ ብሎ ማለፍ ነው እንጂ መሮጥ የለም።

ልብሱ ውጪ እያለ ሳጥኑን ባዶ አድርጊ። የሳጥን ጥግና የጣውላ ስንጥቅ የጠጉርና የአቧራ መጠራቀሚያ ነው፤ እጭ በዚያ ብቻ ይኖራል። ቫኪዩም ካለሽ በቀጭን አፉ ምጠጪ፤ የሰበሰበውንም ያኔውኑ ከቤት አስወጪ። ከሌለሽ በደረቅ መጥረጊያ አታቡኚው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ ስንጥቁን በቀጭን ብሩሽ ፈልፍዪ። ከዚያ ሳጥኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ይዋል። አልጋ ስር፣ ምንጣፍ ስር፣ ቁምሳጥን ጀርባ እንደዚሁ። ይሄ ሥራ አሰልቺ ነው። ነገር ግን ብዙው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ልብሱን አድኖ ወደ ታመመ ሳጥን ይመልሰዋል።

ፍሊቱን አሁን አቁሚ። በአየር ላይ ሲነፋ የሚበረውን ይጥላል፤ ድሩ ውስጥ ያለውን ትል አያገኘውም። ሕፃኑ ደግሞ የነፋሽውን ይተነፍሳል። ልብስ ላይማ ጭራሽ።

ሁሉም ሲጸዳ ማስቀመጡ ይቀራል። ላብ፣ ቅቤና ወጥ የነካው ሱፍ ሳይታጠብ አይግባ። ትሉ ንጹሕ ሱፍ ላይ ዕድገቱ ይዘገያል፤ እድፍ ያለበት ላይ ይፈጥናል። በደንብ ይድረቅ። ቀዳዳ በሌለው ወፍራም ላስቲክ አሽገሽ ሳጥን ውስጥ አስገቢ። ከዚያ በየሁለት ወሩ አውጥተሽ አራግፊ፤ ደሴ ላይ ይበቃል። እየተለበሰ የሚውል ካፖርት ብል አይበላውም። የሚበላው የተረሳው ነው።

ናፍታሊንን ትጠይቂኛለሽ። ይሠራል፤ ግን የሚሠራው በጥብቅ በታሸገ ነገር ውስጥ ትነቱ ሲጠራቀም ብቻ ነው። ክፍት ቁምሳጥን ውስጥ የተንጠለጠለ ናፍታሊን ብሉን ሳይሆን የቤቱን ሰው ነው የሚያጥነው። አንቺ ቤት የ8 ወር ልጅ አለ። ነጭ ኳሱን ሕፃን ከረሜላ መስሎት ሊውጠው ይችላል። በተፈጥሮ ደማቸው ውስጥ አንድ ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሕፃናትም አሉ፤ ከናፍታሊን ጋር የተቀመጠ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲያለብሷቸው ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ለአሁኑ ናፍታሊን ይቅርብሽ። የልጅ ልብስማ ከእሱ ጋር አንድ ሳጥን አይግባ።

የጽድ ሳጥን ጥሩ ነው፤ አዲስ ሲሆን። ዘይቱ ገና የተፈለፈሉትን ትንንሽ ትሎች ሊያውክ ይችላል፤ ያደጉትን ግን አይነካም። ሽታው እየጠፋ ሲሄድም ተራ ሳጥን ይሆናል። ወይራ ማጠን፣ ሉባንጃ፣ ሰንደል፣ አሪቲ መጎዝጎዝ፦ ቤቱ ደስ ይላል፣ ልብሱም ያውዳል። ሱፍ ውስጥ የገባውን ትል ግን አይገድሉትም። ወሎ ውስጥ ጢስ አይጠቅምም ብሎ መናገር ከሰው ያጣላል፤ ስለዚህ አትጭሱ አላልኩም፤ በእሱ ብቻ አትተማመኑ ነው ያልኩት።

እህሉ በአጭሩ። ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ይሰጣ፣ ይነፋ፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አየር የማያስገባ ባለ 3 ሽፋን ከረጢት ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ሽፋን ለየብቻ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ፒክስ ነው የሚሉት። ውስጡ ኦክስጅን ሲያልቅ ተባዩ ታፍኖ ይሞታል፤ ክኒን አያስፈልግም። ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት። ለዕለት የሚሆናችሁን ለብቻ አስቀሩ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አምፖሉ ዙሪያ ጸጥ ይላል። ያኔ «ብሉ ጠፋ» ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ የጠፋው የእህሉ ነው። የብሉን መጥፋት የሚነግርሽ በርኖሱ ነው፦ ስታራግፊው አዲስ ድርና ኩስ ከነጭ አንሶላው ላይ አለመገኘቱ።

የተበሳውን በርኖስ አትጣይው። ቀዳዳው ትንንሽ ከሆነ እጁ ያማረ ልብስ ሰፊ ይሸፍነዋል። ክሩን ከገበያ ከመፈለግ ከራሱ ከበርኖሱ የውስጥ እጥፋት መምዘዝ ይሻላል፤ ቀለሙ ይገጥማል። የባናውን ጠርዝ ደግሞ ቆርጦ መልሶ መቀምቀም ነው። ሰፊው ጋ የምትወስጂው ግን ከፍሪዘር ወይም ከፀሐይ በኋላ ይሁን። እሱ ቤት የሰው ሁሉ ሱፍ ተሰቅሏል።